የጦሲኝ አበባ ግዝት

የብርጓል እናቷን አልቀበረችም።

ይህን ነገር ሰባት ዓመት ሙሉ ተሸክማው ኖራለች። ሰው ሲጠይቃት "ሳይመቸኝ ቀረሁ" ትላለች እንጂ ሌላ አትጨምርም። ሳይመቻት ቀርቶ አልነበረም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ የአጥር በሩን መቀርቀሪያ በእጇ ይዛ ነው የቀረችው። ከደብረ ማርቆስ ቁይ በመኪና የቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። መርዶው በስልክ የመጣው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበር፤ ቀብሩ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት። ብትሄድ ትደርስ ነበር። ሌላው ሁሉ ይረሳል፤ ይህቺ "ትደርስ ነበር" የምትባል ነገር ናት ዱሮ እንደ ተሰበረ እጅ ብርድ በመጣ ቁጥር የምትጠዘጥዛት።

ባሏ አወቀ ያን ቀን ከኋላዋ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አወቀ አናጢ ነው፤ ቃሉን እንደ ሳንቃ ለክቶ ነው የሚናገር። ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ነበር፤ እናቱ እማሆይ አመተ ሥላሴ በትኩሳት ተኝተው ስለነበር ለታመመ ሰው መርዶ አይሰማም ተብሎ ነገሩ ተደብቋል።

"ነገሩ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል" አላት። "ግን ለእማዬ ማን ያፈላላታል?"

ከውስጥ ሳል ተሰማ። ረጅም፣ ምጣድ ላይ እንደሚቆላ ጎመን ዘር ጣ ጣ የሚል ሳል። የብርጓል መቀርቀሪያውን ለቀቀችው። ነጠላዋን ሰቀለች፣ ከሰሉን አቀጣጠለች፣ ውሃ ጣደች። እሪ ብላ እንዳታለቅስ አሮጊቷ ይሰማሉ። የነጠላዋን ጫፍ ጥርሷ ውስጥ ከታ ሻይ አፈላች።

ሻዩ የጦሲኝ አበባ ሻይ ነው። መስከረም ጠብቶ ደጋው ሁሉ ሲያብብ፣ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጡ ሴቶች ጦሲኙን በእቅፍ በእቅፍ አስረው ገበያ ያወርዱታል። ብዙው ሰው ከነግንዱ ውሃ ውስጥ ጨምሮ ሲያንተከትከው ይውልና "ይመራል" ብሎ ያማዋል። የየብርጓል እናት እንዲህ አላስተማረቻትም። መጀመሪያ አበባው ብቻ በጣት ጫፍ ይለቀማል፤ ቅጠልም ግንድም አይገባበትም። ሰፌድ ላይ ሳስቶ ይበተንና በስስ ሻሽ ተሸፍኖ አራት ቀን ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ፀሐይ ካየው ሽታው ይሄዳል፤ ጭስ ካገኘውም እንዲሁ። ውሃው ከፈላ በኋላ ከእሳቱ ይወርዳል። አበባው የሚጨመረው ያኔ ነው። ክዳኑ ይገጠምና በፎጣ ይጠቀለላል፤ ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ሳይቻኮሉ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ። ሦስተኛው ሲያልቅ ይጠለላል። እስከ አራተኛው ከቆየ መርሯል፣ በሁለተኛው ከተቀዳ ውሃ ነው። ማሩ የሚገባው ስኒው እጅ የማያቃጥል ሲሆን ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት እማሆይ በሳል ሌሊቱን ቁጭ ብለው የሚያነጉበት ጊዜ ነበር። ሐኪም ቤት ተኝተው ወጥተዋል፣ ጠበል ተጠምቀዋል። የብርጓል ይህን ሻይ አፍልታ ሰጠቻቸው፤ ያን ሌሊት ጋደም ብለው ተኙ። በሳምንቱ የሥላሴ ዕለት ጠበል ጠዲቅ ተዘጋጅቶ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ እማሆይ ቆባቸውን አስተካክለው ከመደባቸው ተነሡ፤ የንስሐ አባታቸው አባ ዘመነ ፊት ቆሙና እንዲህ አሉ፦ "ከእንግዲህ ከየብርጓል እጅ በቀር የማንንም ሻይ ብቀምስ፣ በሥላሴ ስም ግዝት ይሁንብኝ።"

አባ ዘመነም እንጀራቸውን ጎርሰው ስለነበር ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴቶቹ እልል አሉ።

የብርጓል ያን ቀን ደስታዋ ሌላ ነበር። ከቁይ ተድራ ስትመጣ ወጧ ቀጥኖባት፣ ድርቆሿ ሻግቶባት፣ "የገጠር ልጅ" ስትባል የኖረች ሴት ናት። ሦስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት የቀረች፣ ሰው ፊት የምትናገረው የሚጠፋት። አሁን በሥላሴ ስም ተጠራች። እናም ሞኝነቷን ሠራች፦ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻዩን ስታፈላ የማድቤቱን በር ትዘጋ ጀመር። ልጇ ሃኒ "እስቲ ልይ" ስትላት "ሂጂ ወዲያ፣ ጥናትሽን አጥኚ" ትላታለች። አወቀ ገባ ቢል እስኪወጣ ቆማ ትጠብቃለች። ማንም አላየ፤ ማንም አልተማረ። በሩን ከውስጥ የዘጋችው ራሷ ናት፤ ይህን ግን ያኔ አላወቀችውም።

እማሆይ ሻዩን የሚጠጡት በቀን ሦስቴ ነው፦ ጠዋት ከጸሎት በኋላ፣ ስድስት ሰዓት ላይና አመሻሹ ላይ። የብርጓል ከቤት ርቃ የምትሄደው በሻይና በሻይ መካከል የሚደረስበት ድረስ ነው። ገበያ። ወፍጮ ቤት። ቤተ ክርስቲያን። መልሶ ገበያ። የጎረቤት ሴቶች ለንግሥ ዲማ ጊዮርጊስ ሲወርዱ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ "በረከቱን አምጡልኝ" ትላለች። አማኑኤል ከተማ ያለችው የአክስቷ ልጅ ስትዳር ዕቃ ብቻ ላከች። የእናቷ አርባ ሲወጣ እማሆይ እንደገና ተኙ። ሙት ዓመቷ ሲደርስ ብርዱ በርትቶ ሳሉ ተነሣ። ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ። ማንም አልከለከላትም እኮ። ቢከለክላት ትጣላ ነበር፤ እልኸኛ ናት። የሚያስቸግረው ማንም "አትሂጂ" አለማለቱ ነው።

ዘንድሮ ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ሳምንት እህቷ ሽታዬ ከቁይ ደወለች።

"የብርጓል።"

"አቤት እታለም።"

"ሐሙስ ሃያ አንድ የእናታችን ሰባት ዓመት ነው። ጌሾው ተወቅጧል፣ ለካህናቱ ተነግሯል፣ ዳሱም ይጣላል። እኔ እንደማትመጪ እያወቅሁ ነው የምነግርሽ።"

"እመጣለሁ።"

"ለአርባዋም እንዲሁ ብለሽኝ ነበር።"

"እመጣለሁ አልኩሽ እኮ።"

"ስሚኝማ። ሰው 'ያቺ የማርቆሷ ልጅ የት ቀረች?' ሲለኝ አንዴ ታማለች፣ አንዴ አራስ ናት እያልኩ ኖሬያለሁ። በእኔ አፍ አራት ልጅ ወልደሻል። አሁን ግን ውሸቴ አለቀ። ከሰባት ዓመት በኋላ ተዝካር የለም፤ ይህ የመጨረሻው ነው። ይህንንም ከቀረሽ ሁለተኛ አልጠራሽም። አንቺም እንዳትደውዪልኝ።"

"ሽታዬ..."

"እህት ነበረችኝ እላለሁ፤ በቃ።" ስልኩ ተዘጋ።

የብርጓል ሰፌዱ ፊት ቁጭ ብላ የጦሲኝ አበባ እየለቀመች ነበር። ጣቷ ሥራውን አላቆመም። ትንንሾቹን ወይን ጠጅ አበቦች እየነቀለች ወዲህ፣ ግንዱን ወዲያ። ሰፌዱ ሞልቶ ሲያበቃ ነው ዕንባዋ መውረዱን ያየችው፤ አበባው እንዳይረጥብ ፊቷን ዞር አደረገች።

አወቀ ለምሳ ሲመጣ ነገረችው።

"ሐሙስ?" አለ እጁን እየታጠበ። "መንገዱስ ክፍት ነው? ሰሞኑን አንድ ቀን ይሄዳል አንድ ቀን ይዘጋል።"

"ክፍት በሆነበት ሰዓት እሄዳለሁ።"

"መሄዱስ ጥሩ ነው።" ፎጣውን ፈልጎ እጁን አደረቀ። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ፦ "ግን ለእማዬ ማን ያፈላላታል?"

የብርጓል አየችው። "ይህን ዱሮም ጠይቀኸኛል።"

"መቼ?"

"እናቴ የሞተች ቀን። በሩ ላይ።"

"እኔ?" አለ አወቀ። እያስመሰለ አልነበረም፤ ከልቡ ረስቶታል። እሷ ሰባት ዓመት ስታመነዥከው የኖረችው ቃል እሱ ዘንድ አንድ ቀን እንኳ አላደረም። ከቃሉ ይልቅ ይህ አንገበገባት።

ሃኒ ከወዲያ ሆና ሰምታ ኖሮ መጣች። ሃኒ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እስኪገኝ ቤት ተቀምጣለች። "እማዬ፣ ለምን እኔ አላፈላላቸውም? አሳዪኝና።"

"ግዝቱስ?"

"ከማድቤት ከወጣ በኋላ በማን እጅ እንደተፈላ ማን ያያል?"

"እሳቸውማ አያዩም" አለች የብርጓል። "እኔ ግን በመነኩሲት ነፍስ አልጫወትም። ቢያፍናቸው ዕድሜ ልኬን 'ግዝት አፍርሼባቸው ነው' ስል ልኖር ነው። የእናቴ አይበቃኝም?"

"እንግዲያው በፔርሙስ አፍልተሽ ሂጂ" አለ አወቀ። "ከእጅሽ አይደል የተባለው? ፔርሙሱም በእጅሽ የተሞላ ነው።"

"ይሄ ደግሞ የደብተራ ክርክር ነው" አለች ሃኒ።

ቢሆንም ሞከሩት። ቅዳሜ ማታ በትልቁ ፔርሙስ ሞልታ አሳድራ እሑድ ጠዋት ቀዳችላቸው። ሻዩ ጠቁሮ የጌሾ ውኃ መስሏል። እማሆይ አንድ ጊዜ ተጎነጩና ስኒውን አራቁት።

"ይሄ ሻይ ሌላ ሰው ቤት አድሮ የመጣ ነው" አሉ።

አወቀ ሳቀ። የብርጓል አልሳቀችም። ተመልሳ ከሰል አቀጣጠለች።

ሰኞ ከገበያ መልስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ታጠፈች። አባ ዘመነ ከጽዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ያገላብጣሉ። መስቀል ተሳለመች።

"አባ፣ ግዝት እንዲፈቱልኝ መጣሁ።"

"ደግሞ ማንን ገዘትሽ?"

"እኔ አይደለሁም። የሻዩ።"

"የየትኛው ሻይ?" ትንሽ አሰቡ። "የእማሆይ? እሱ ዛሬም አለ እንዴ?"

"በቀን ሦስት ጊዜ አለ።"

አባ ዘመነ ዳዊታቸውን ዘጉት። "እኔ እኮ ከስድስት ዓመት በፊት ጠይቄያቸው ነበር። ማኅበር ቤት ለሰው ሁሉ ሻይ ሲቀዳ እሳቸው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሰብስበው ይቀመጣሉ። አሳዘኑኝና 'እማሆይ፣ ይህን ነገር ልፍታልዎት' አልኳቸው።"

"ምን አሉ?"

"'የብርጓል ትከፋለች' አሉኝ።"

"እኔ?"

"'ከሰው እኩል የሆነችው በዚህ ሻይ ነው፤ እሱን ብወስድባት ምን ይቀራታል?' ነው ያሉኝ። እኔም ተውኩት።"

የብርጓል የገበያ ዘንቢሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዞረች። ምን ይቀራታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሮጊቷ እሷን አስረው የያዙ ሲመስላት፣ አሮጊቷ ደግሞ እሷን ላለማስከፋት የታሰሩ መስሏቸው ኖረዋል። ይህ ነገር ማንንም ሊያራራ ይችላል። እሷን አላራራትም። እንዲያውም ደሟ ፈላ። ለዚህ ነው እናቴን ያልቀበርኳት? ሰው ለሰው ሲተዛዘን?

"እንግዲያው ይፍቱልኝ።"

"የገዘቱት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ካልጠሩኝ አልፈታም። ከጠሩኝ ግን በዚያው ቀን እመጣለሁ።" ዓይናቸውን አነሡ። "አንቺስ? አንድ ቀን አፍ አውጥተሽ 'ልሂድ' ብለሻቸዋል?"

"አያውቁም እንዴ?"

"ሳትነግሪያቸው?"

የብርጓል ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ስለሆነ ተሳልማ ወደ ቤት ሮጠች።

ማክሰኞ ቀትር ላይ የብርጓል የከሰል ምድጃውን ከማድቤት አውጥታ ከእማሆይ መደብ ፊት አስቀመጠችው። አወቀ ምሳውን ሊበላ ቁጭ ብሏል፤ ሃኒም አለች።

"ምን ሆነሻል?" አሉ እማሆይ። "በረደሽ እንዴ?"

"ብርድ አይደለም። አወቀ፣ ና ወዲህ። እጅህን ታጠብ።"

"እኔ?"

"አንተ። ቤት ሠርተህ የምትኖር ሰው ውኃ መጣድ አያቅትህም።"

አወቀ ሚስቱን አየ፣ እናቱን አየ፣ ታጠበ። የብርጓል ማሰሮውን በእጁ ሰጠችው። ውኃው እስኪፈላ ፊቷን ወደ እማሆይ አዞረች። ንግግሩን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅታ ነበር፤ አሁን ሁሉ ጠፋባት። የቀረው ብቻ ወጣ።

"እማሆይ፣ እኔ እናቴን ያልቀበርኩት በእርስዎ ሻይ ነው።"

የአሮጊቷ መቁጠሪያ እጃቸው ላይ ቆመ። "አልቀበርሽም?"

"አልቀበርኩም።"

"ቀብራ ተመለሰች ነው እኮ ያሉኝ። እኔ ያኔ በትኩሳት ቀኑን ከሌቱ አልለይም ነበር። ስነቃ 'የብርጓል እናቷ ሞቱባት፣ ቀብራ ተመለሰች' ተባልኩ።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንተ አይደለህ ያልከኝ?"

አወቀ ከምድጃው ቀና አላለም። "እንዳይጨንቅሽ ብዬ ነው።"

"ውኃው ፈልቷል፤ አውርደው" አለችው የብርጓል። አወረደው። "አሁን አበባውን ጨምር። አሁን ክደነው። ፎጣ። አሁን አቡነ ዘበሰማያት።"

አወቀ መደገም ጀመረ። ውሸቱ ስለተያዘበት ይመስላል እየተቻኮለ ቃሉን ይውጠዋል።

"ከመጀመሪያው" አለችው። "እንደ ሰው ድገም።"

ሃኒ ሳቋ መጥቶ አፏን ያዘች። አወቀ ከመጀመሪያው ጀመረ።

"ሐሙስ ሰባት ዓመቷ ነው" አለች የብርጓል ለእማሆይ። "የመጨረሻው ተዝካር ነው። እሄዳለሁ። ሦስት ቀን እቆያለሁ። አባ ዘመነን ከጠሯቸው መጥተው ግዝቱን ይፈታሉ፤ አነጋግሬያቸዋለሁ።"

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ። "አንቺ እኮ ደስ ይልሽ ነበር" አሉ። "በር ዘግተሽ ስታፈዪ፣ ደስ ብሏት ነው እል ነበር።"

"ደስ ይለኝ ነበር። ዘጋሁት፤ ጥፋቱ የኔም ነው። አሁን ከፈትኩት።"

"ግዝቱ ይፈታ፤ ለእሱ ግድ የለኝም። ግን ይህን ሐሙስ አሳልፊው።"

"ለምን?"

"ብርዱ ገብቷል። ሳሉ ተነሥቷል።" አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡ። "ዘጠኝ ዓመት ያቆየኝ አበባው ይሁን እጅሽ አላውቅም። ልሞክረው አልፈልግም፣ የብርጓል። ፈራሁ።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ሆነ። እንደዚህ ነው ሁልጊዜም የሚሆነው። ማንም በር አይዘጋም፤ ፊት ይጠቁራል፣ ድምፅ ይቀጥናል፣ ከዚያ እሷ ነጠላዋን ትሰቅላለች። "እሺ እማሆይ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። አወቀ ሦስተኛውን አቡነ ዘበሰማያት ጨርሶ "አሜን" አለ።

"ይሞክሩት" አለች የብርጓል።

እማሆይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አወቀ ያጠለለውን ሻይ እማሆይ አልነኩትም፤ ግዝት ነው። የብርጓል አንድ ጊዜ አሸተተችው። ደህና ነበር። ከዚያ ሌላ ውኃ ጥዳ በራሷ እጅ አፈላችላቸውና ሰጠቻቸው። ሳያዩዋት ተቀበሉ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የጠዋቱን ሻይ አፍልታ መደቡ አጠገብ አስቀመጠች። "እማሆይ፣ ሄድኩ" አለች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ ናቸው። ነቅተዋል፤ መቁጠሪያው ሲንሸራተት ይሰማል። ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ወጣች።

አወቀ በሩ ላይ ቆሟል። አፉን ሲከፍት ምን ሊል እንደሆነ ስላወቀች አላስጨረሰችውም።

"አንተ ታፈላላታለህ" አለችውና መቀርቀሪያውን ስባ ወጣች።

መናኸሪያው ውስጥ ሰው ተኮልኩሎ "ይሄዳል፣ አይሄድም" ይባባላል። ረዳቱ እስከ ሁለት ሰዓት እንጠብቅ አለ፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን እስከ ሦስት። የብርጓል በመስኮቱ በኩል ቁጭ ብላ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። መኪናው ባይሄድ እንደገና ያንን በር ከውጭ ልታንኳኳ ነው። ይህን እስካሁን አስባው አታውቅም ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩ ተነሣ።

ገና ከተማውን እንደወጡ ስልኳ ጮኸ። ሃኒ ናት።

"እማዬ፣ ጠዋት ያፈላሽላቸውን አልነኩትም። ቀዝቅዞ ተቀምጧል።"

የብርጓል ቀና ብላ ሾፌሩን አየች። አንድ ቃል ብትናገር ያወርዳታል፤ ገና በእግር የሚመለስ መንገድ ነው። "ሳላቸውስ?"

"እንደ ትናንቱ ነው።"

"ትንፋሻቸውስ?"

"አባዬን እየተቆጡት ነው። 'አንተ ዋሾ፣ በሰው አስረገምከኝ' እያሉ። ከነቁ ጀምሮ አላረፉም።"

"ጮክ ብለው?"

"ጎረቤት ይሰማል።"

"እንግዲያው ትንፋሽ አላቸው" አለች የብርጓል። "አባትሽን ሄዶ አባ ዘመነን ይጥራቸው በዪው።"

ስልኩ ውስጥ መንሾካሾክ ተሰማ። ከዚያ የእማሆይ ድምፅ፣ ከሩቅ፣ እያጉረመረመ፦ "ይምጡ። ካልቀረ ይምጡ።"

የብርጓል ስልኩን አጥፍታ ዘንቢሉ ሥር ከተተችው።

ቁይ የደረሰችው ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። የእህቷ ቤት ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው። ዳሱ ከሩቅ ይታያል። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው በልተዋል፤ ሰዉ ተደርድሮ ጠላ ይጠጣል፣ ስለ ጤፉና ስለ መንገዱ ያወራል። ሰባት ዓመት ተዝካር ላይ የሚያለቅስ የለም፤ ሐዘኑ ዱሮ አልቋል፤ የሚበላ የሚጠጣበት፣ የሚመረቅበት ቀን ነው። የብርጓልም ገብታ፣ እጅ ነስታ፣ "እንኳን ለዚህ አበቃችሁ" ብላ መቀመጥ ትችላለች። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እንዲያ ነው።

እሷ መንገዱ ዳር ቆመች። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን ገፈፈችና አዘቅዝቃ ለበሰችው፤ አዲስ ሙት እንዳለበት ሰው። እሪ አለች።

"እናቴ! እናቴን! መቼ ሞትሽብኝ!"

ዳሱ ውስጥ ወሬው ቆመ። አንድ ሽማግሌ ዋንጫቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። "ማን ሞተ?" አሉ። ሌላው "ሴትዮዋ ቤት ተሳስታለች፤ ልቅሶው የት ነው የሚባለው?" አለ። የብርጓል እጆቿን ወደ ላይ እየጣለች፣ ደረቷን እየመታች ቁልቁለቱን ወረደች። ድምፅዋ ሰባት ዓመት ነጠላ ውስጥ የቆየ ድምፅ ነው፤ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ተከፈተ፣ ማዶው ደጀ ሰላም ደርሶ ተመለሰ።

ሽታዬ ጠላ ስትቀዳ ነበር። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ዳሱ አፍ ላይ ቆመች። ሽበት በዝቶባታል። እህቷን አየች፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። ፊቷ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሊቆጣ ቃጣው።

"ሰው ምን ይላል፣ የብርጓል" አለች። "ሰባት ዓመት ነው እኮ።"

"ለኔ ዛሬ ነው የሞተችው" አለች የብርጓል ሳታቆም። "ዛሬ ነው የመጣሁት። መንገድ ልቀቂልኝ፤ መቃብሯን አላውቀውም፣ አሳዪኝ።"

ሽታዬ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠችው። የገዛ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቀዘቀች፤ እህቷን በክንዷ ያዘችና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ጀመሩ። ከዳሱ አንዲት አሮጊት "እንዴት እናታቸውን ብቻቸውን ይሸኙ?" ብለው ተነሡ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዋንጫቸውን እያስቀመጡ ተከተሉ።